«ሸለምጥማጥ» ልበለው ወይስ «ሶቦል»? ወረደ ወይስ ወረደች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከድሬዳዋ ነኝ፣ ከዚራ ሰፈር። ለልጆች የእንስሳት ተረት እየጻፍኩ ነው። ባለታሪኬ ሳይቤሪያ ጫካ ውስጥ የምትኖር፣ በፀጉሯ የታወቀች ትንሽ አውሬ ናት። መጀመሪያ ከእንግሊዝኛው ወስጄ «ሰብል» ብዬ ጻፍኳት፤ ጓደኛዬ «ይሄ እኮ እህል ነው» አለችኝ። «ሸለምጥማጥ» ብላት ያስኬዳል? ደግሞ አንዴ «ወረደ» አንዴ «ወረደች» እያልኩ ተምታታብኝ። አቦ ገላግለኝ!

መልስ፦ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። «ሰብል» ሲባል አንባቢ ማሽላና ጤፍ ነው የሚታየው፣ ልጅ ከሆነማ ጨርሶ ግራ ይገባዋል። ሌላም ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛ ያው ስም በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ለሚኖር፣ ረጅም ቀንዱ ወደ ኋላ ለታጠፈ ትልቅ የዱር እንስሳም ስለሚሰጥ፣ ሥዕል የሚሠራልሽ ሰው ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ቀንዳም አውሬ ሥሎ ሊያመጣልሽ ይችላል። «ሶቦል» በዪው። ሩሲያውያን የሚጠሩት እንዲህ ነው፣ እንስሳውም በብዛት ያለው እነሱ አገር ነው። ለአማርኛ ምላስም አይከብድም።

«ሸለምጥማጥ» ግን ተዪው። ሸለምጥማጥ የእኛው ነው፤ ገላው ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት፣ የዶሮ ጠላት። ዘመዱ ዝባድ የሚወጣለት ጥርኝ ሲሆን ሁለቱም ወደ ድመት ወገን ይጠጋሉ። ሶቦል ከውሻና ከድብ ጎን ካለው ቅርንጫፍ ነው። የእሱ ዘመዶች እኛም አገር አሉ፦ ጀርባው ነጣ ሆዱ ጥቁር ብሎ የንብ ቀፎ የሚያፈርሰው አውሬ አንዱ ነው፤ ስሙን ከኦሪት ዘጸአት የምታውቂው፣ ወንዝ ውስጥ ዓሣና ሸርጣን የሚያድነው አቆስጣ ሌላው።

አሁን ወደ ዋናው። አማርኛ የእንስሳን ፆታ የሚወስነው በተፈጥሮው ብቻ አይደለም፣ መጠንና ስሜትም ይገቡበታል። ሌሊት የጮኸውን ጅብ ወንድ ይሁን ሴት ማንም ሳያይ «ጅቡ ጮኸ» እንላለን። ትንሿን ደግሞ፣ ብንሳሳላትም ብንንቃትም፣ «አይጧ ገባች» ነው። ሶቦል አብዛኛውን ጊዜ 2 ኪሎ እንኳ ስለማይሞላ «ሶቦሏ ወረደች» ብትዪ ምንም ችግር የለውም። ታሪኩን ከአይጧ ዓይን የምታሳዪ ከሆነ ግን «ሶቦሉ ወረደ» ይበልጥ ያስፈራል። የማያስኬደው «ሶቦሉ ከዛፉ ወረደችና አይጧን አሳደደ» ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ከመረጥሽ ግሱም ተውላጠ ስሙም እስከ መጨረሻው ይከተሉ።

ማዕረግ ልትሰጪውም ትችያለሽ። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ሲሳሳት አያለሁ። «አያ ጅቦ መጣ» ነው የሚባለው፣ «አያ ጅቦ መጡ» አይደለም። አክብሮቱ ስሙ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ግሱ አይሻገርም፤ «እመት ጦጢት አለች»ም እንደዚያው። ስሙ ራሱ ይለሰልሳል፦ ጅብ ጅቦ፣ አንበሳ አንበሶ ይሆናል። ስለዚህ «አያ ሶቦሎ» ያምራል፣ ልጆቹም ወዲያው ይለምዱታል።

ከማዕረጉ ጋር የአያ ጅቦን ሞኝነትና ሆዳምነት ግን አትጫኚበት። ሐረር ያለ ልጅ ጅብ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ ሲጎርስ አይቶ ያደገ ነውና የተረቱ ጅብና የሰፈሩ ጅብ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። ሶቦልን ከራሱ ጠባይ ቅረጪው። ብቻውን ይኖራል። በረዶ ሲከመር እንደ ድብ ተኝቶ አይከርምም፣ ከበረዶ ሥር ያለችውን አይጥ አሽትቶና አድምጦ ያወጣል፣ የዱር ፍሬም ይበላል። ጠላት ካስፈለገሽም ሩቅ አትሂጂ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሩሲያ ነገሥታት ከሳይቤሪያ ሕዝቦች ግብር የሚቀበሉት በሶቦል ቆዳ ነበር። አደኑ በዝቶ ሊያልቅ ሲል ነው ባይካል ሐይቅ ዳር የባርጉዚን ጥብቅ ክልል በ1917 እ.ኤ.አ. የተቋቋመለት።

የቆዳ ነጋዴ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ሲናገር ግን «ፀጉር» አታስብዪው። ተገፎ የሚለበሰው «ለምድ» ነው፤ «ፀጉሬ» የምትለው ሶቦሏ ስለ ራሷ ስታወራ ነው።