መልስ፦ በቅኝ ግዛት ዘመን የመርከብ ጭነት ገደብ ነበረው?
«ያኔ፣ በባሪያ ንግድ ዘመን፣ በመርከብ የሚጫነውን ሰው ቁጥር የሚገድብ ሕግ ነበር ወይ?» ላልከው፣ አዎ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1788 እ.ኤ.አ. በሰር ዊልያም ዶልበን አቅራቢነት ያወጣው ሕግ፣ ባሪያ ጫኝ መርከብ ከመጫን አቅሙ ለመጀመሪያዎቹ 200 ያህል ቶኖች በየ3 ቶኑ 5 ሰው፣ ከዚያ በላይ ግን በቶን 1 ሰው ብቻ እንዲጭን ወሰነ። ሐኪም መያዝም ግዴታ ሆነ። በጉዞው የሞቱት ከመቶ 2 ካልበለጡ ካፒቴኑ 100፣ ሐኪሙ 50 ፓውንድ ይሸለሙ ነበር።

ግን ሕጉ ለተጫኑት ሰዎች «ደኅንነት» ነው ሲባል እንዳትታለል። ብሩክስ የተባለችው የእንግሊዝ ባሪያ ጫኝ መርከብ ቀድሞ 609 ሰው ጭና ታውቃለች፤ ሕጉ የፈቀደላት 454 ነበር። ሰዎቹ እንዴት ተጨናንቀው እንደሚጫኑ በሚያሳየው የታወቀ ሥዕሏ ላይ ለአንድ ወንድ የተመደበው ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ትከሻ እንኳ በቅጡ አያሳርፍም። እኔ ይህን ጥበቃ ብዬ ልጠራው አልችልም። የባሪያ ንግዱ ራሱ በእንግሊዝ ሕግ የተከለከለው በ1807 እ.ኤ.አ. ነው።