የክሩዝ ክፍል ዋጋና የአፕግሬድ ጨረታ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ቦታ ይዛችሁ፣ መነሻው ሲቃረብ «ክፍልዎን ያሻሽሉ፤ ዋጋውን እርስዎ ያቅርቡ» የሚል ኢሜይል የደረሳችሁ ብዙ ናችሁ። ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው በዚሁ ጉዳይ ስለሆነ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ እዚህ ልመልስ። የጉዞ ወኪል አይደለሁም፤ ከማንም ኮሚሽን አልቀበልም። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከቤተሰቤ ጋር 14 ጊዜ በመርከብ ሄጃለሁ፤ ለዘመድ ለጓደኛም ክፍል የማስይዘው እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ ገና የመጀመሪያዬ ነው። የክፍሎቹ ልዩነት ምንድን ነው?

በጥቅሉ አራት ዓይነት ናቸው። የውስጥ ክፍል መስኮት የለውም። ቀጥሎ መስኮት ያለው፣ ከዚያ በረንዳ ያለው፣ ከዚያ ስዊት (ሰፊውና ውዱ ክፍል) ነው። በየዓይነቱ ውስጥ ደግሞ ዋጋው በፎቁና በቦታው ይለያያል። መሀል ላይ ያለው ከፊትና ከኋላ ካለው ይወደዳል፤ ምክንያቱም መርከቡ ሲወዛወዝ መሀሉ ነው ብዙም የማይነቃነቀው። መስኮቱን የነፍስ አድን ጀልባ የሚጋርደው ክፍልም አለ፤ እሱ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ በአንድ መርከብ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ክፍል ነው የያዝነው። እሷ በሰው 300 ዶላር ቀንሳ ከፍላለች። ተጭበርብሬ ነው?

አልተጭበረበርሽም እህቴ። የክሩዝ ዋጋ እንደ አውሮፕላን ትኬት ነው፤ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል። መርከቡ በቀኑ ይነሳል። ባዶውን የሄደ ክፍል ነገ አይሸጥም። ኩባንያው የሚያጣው ደግሞ የክፍሉን ዋጋ ብቻ አይደለም። በዚያ ክፍል የሚያድሩት ሁለት ሰዎች ለመጠጥ፣ ለኢንተርኔት፣ ለሽርሽር የሚያወጡትን ብር አብሮ ያጣል። ስለዚህ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ ዋጋ ይቀንሳል፣ ሲሞቅ ይጨምራል።

አንቺ ግን አሁን ማድረግ የምትችይው ነገር አለ። ቀሪውን ሒሳብ የምትጨርሺበት የመጨረሻ ቀን ካላለፈ፣ በወረደው ዋጋ አስተካክሉልኝ ማለት ትችያለሽ። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን የሚባለው የክሩዝ ኩባንያ ላይ ለ5 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሆነ ጉዞ ይህ ቀን ከመነሻው 90 ቀን በፊት ነው፤ ለአጭሩ ጉዞ 75 ቀን። ሁለት ነገር ግን አይተሽ ደውይ። አንደኛ፣ ቀብድሽ የማይመለስ ዓይነት ከሆነ ለውጡ ራሱ ሊያስከፍልሽ ይችላል። ሁለተኛ፣ ያስያዘሽ ወኪል ከሆነ ኩባንያው ካንቺ ጋር አይነጋገርም፤ በወኪሉ በኩል ነው የሚሆነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ዋጋው ቢወርድም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይመልሱም።

እኔ ክፍል ከያዝኩ በኋላ በየሳምንቱ ሰኞ ማታ ዋጋውን አያለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ጊዜ ለአራት ሰው 480 ዶላር አስቀንሼበታለሁ።

ጥያቄ፦ ይሄ ጨረታ የሚባለው እንዴት ነው የሚሠራው?

ብዙ የጠየቃችሁኝ ይሄን ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ሮያል ካሪቢያን «ሮያልአፕ» ይለዋል፣ ሴሌብሪቲ «ሙቭአፕ»፣ ኖርዌጂያን «አፕግሬድ አድቫንቴጅ»። ስሙ ይለያይ እንጂ አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። ከያዛችሁት ከፍ ያሉ ክፍሎች ይዘረዘራሉ። ለእያንዳንዱ ዝቅተኛ ዋጋ ተቀምጦለታል። እናንተ ከዚያ ጀምሮ የምትከፍሉትን ታቀርባላችሁ፤ የካርድ ቁጥር ታስገባላችሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። መልሱ ከሳምንታት በፊት ሊመጣ ይችላል፣ ለመነሳት ሁለት ቀን ሲቀረውም ሊመጣ ይችላል። እስኪቀበሏችሁ ድረስ ዋጋውን መቀየር ወይም መሰረዝ ትችላላችሁ። ከተቀበሉ ግን ካርዱ ወዲያው ይቆረጣል፤ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አይሠራም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው። የምታቀርቡት ቁጥር ለአንድ ሰው ነው፣ ለክፍሉ አይደለም። 200 ብላችሁ ካስገባችሁ የሚቆረጠው 400 ነው። ጠቅላላ ድምሩን አይታችሁ ነው ላኩ የሚለውን መንካት። ጥሩው ነገር፣ ሒሳቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሆኖ የተመዘገበ ልጅ አይጨመርበትም። አራት ሆናችሁ ለምትሄዱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጎን ላይ «ደካማ»፣ «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» የሚል መለኪያ ታያላችሁ። እሱን ተከትላችሁ ዋጋ አትስቀሉ። መርፌው አረንጓዴ ላይ ስለደረሰ ክፍሉ ይሰጣችኋል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ስንት ልበል?

መጀመሪያ አንድ ሥራ ሥሩ። በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ እንደ አዲስ ገዢ ግቡና ያንኑ መርከብ በዚያው ቀን ፈልጉ። የምትመኙት ክፍል ዛሬ ስንት ነው? የእናንተ ዓይነትስ ዛሬ ስንት ነው? ልዩነቱን ያዙ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የውስጡ ዛሬ በሰው 900 ነው እንበል፣ በረንዳው 1,250። ልዩነቱ 350 ነው። ዝቅተኛው ጨረታ 120 ከሆነ እኔ ከ130 እስከ 150 ባለው ውስጥ አቀርባለሁ። 300 ማቅረብ ግን ለእኔ ትርጉም የለውም። 50 ዶላር ጨምሬ በረንዳውን በቀጥታ ብገዛ ክፍሌን ራሴ እመርጣለሁ፣ ፎቁን አውቃለሁ፣ በእርግጠኝነትም የእኔ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ከዝቅተኛው ጨረታ ያንሳል! ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል። ሒሳቡን ያልሠራ ሰው ጨረታው ቅናሽ ይመስለዋል።

ድምሩ ላይ ለመርከቡ ሠራተኞች በየቀኑ የሚከፈለውን የአገልግሎት ጉርሻም ጨምሩ። ሮያል ካሪቢያን ላይ ለስዊት የሚከፈለው ከሌላው ክፍል በሰው በቀን 2 ዶላር ከ50 ይበልጣል። አራት ሰው ለ7 ሌሊት 70 ዶላር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምሄደው። ግማሹን ነው የምከፍለው?

አይደለም ወንድሜ። የክፍል ዋጋ የሚሰላው በሁለት ሰው ነው፤ ብቻህን ስትሆን ብዙ ጊዜ የሁለቱንም ትከፍላለህ። ጨረታውም እንደዚያው ነው። 100 ስትል 200 ይቆረጣል። ለብቸኛ ተጓዥ የተሠሩ ትንንሽ ክፍሎች ያሏቸውን መርከቦች ፈልግ። ኖርዌጂያን በ2010 እ.ኤ.አ. ኤፒክ የሚባለውን መርከብ ሲያስመርቅ 128 እንዲህ ያሉ ክፍሎች ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎችም መርከቦች ገብተዋል።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ 71 ዓመቷ ነው። በረንዳ ቢኖራት ደስ ይላታል ብዬ መጫረት ፈለግሁ። ምን ትላለህ?

ይህን ጥያቄ ሳነብ የራሴ እናት ትዝ አሉኝ፤ ስለዚህ የሆነውን ልንገርሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረን ሄድን። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ባሕር አያውቁም። ስለዚህ ክፍላቸውን የመረጥኩት በጥንቃቄ ነበር፤ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ ልክ መሀል ላይ፣ ከሊፍቱ አሥር እርምጃ። በኋላ ያ ኢሜይል መጣ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ሲጠጡ ታየኝና ጨረታ ገባሁ። ከመነሻው ሦስት ቀን በፊት ተቀበሉን። ደስ አለኝ። አዲሱ ክፍል ግን ላይኛው ፎቅ፣ መርከቡ አፍንጫ ላይ ነበር። ከሊፍቱ ያለው ኮሪደር አያልቅም።

የመጀመሪያው ሌሊት ባሕሩ ተነሳ። መስቀያው ከቁምሳጥኑ ጋር ሲጋጭ ያድራል። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው «ልጄ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚቆመው?» ይሉኛል። ዝንጅብል ሻይ አመጣሁ፣ አረንጓዴ ፖም አመጣሁ። እስኪነጋ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ጠዋት እንግዳ መቀበያው ጋ ወርጄ የድሮውን ክፍል መልሱልኝ አልኩ። ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። መርከቡ ሞልቷል። በረንዳው በር በጉዞው ሁሉ ሁለቴ ብቻ ነው የተከፈተው።

ጨረታ ውስጥ ክፍሉን አትመርጪም። ፎቁንም ቦታውንም የሚወስነው ኩባንያው ነው። ስለዚህ ለእናትሽ በረንዳ ከፈለግሽ አሁኑኑ ደውለሽ መሀል ላይ ያለውን በዋጋው ግዢ። ካልተቻለ የያዝሽው ክፍል ይሻላታል። ጉልበት የሚያማት፣ ከዘራ ወይም ዊልቸር የምትጠቀም ከሆነች ደግሞ ጨረታውን ጭራሽ አትንኪው፤ ለዚያ የተዘጋጀ ክፍል አለ፣ በስልክ ነው የሚያዘው።

ጥያቄ፦ ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ይዘናል፤ በአንዱ እኛ፣ በአንዱ ልጆቹ። በሁለቱም እንጫረት?

አትጫረቱ። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ነው የሚታየው። አንዱ ተቀባይነት አግኝቶ ሌላው ሊቀር ይችላል። ሁለቱም ቢያገኙ እንኳ ጎን ለጎን ይሆናሉ የሚል ማንም የለም።

ጥያቄ፦ «ጋራንቲ» የሚል ርካሽ ክፍል አየሁ። ምንድን ነው?

ዓይነቱን ትገዛለህ፣ የክፍል ቁጥሩን እነሱ በኋላ ይሰጡሃል። ከከፈልክበት ዓይነት በታች አይሰጡህም። ከላይ ግን የጭፈራ ቤቱ፣ ከጎን የሠራተኞች በር ሊሆን ይችላል። ወጣት ከሆንክና እንቅልፍህ ከባድ ከሆነ ጥሩ ነው። ሕፃን ላላቸው አልመክርም።

ጥያቄ፦ ከባልቲሞር መነሳት ነው የምንፈልገው፤ ለእኛ ለዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ሰዎች ይቀርባል። እዚያ አፕግሬድ ይገኛል?

የአውሮፕላን ትኬት ስለሚያስቀር እኔም እወደዋለሁ። ከ5 ሰው ጋር ስትሄዱ ትልቅ ገንዘብ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ። ከባልቲሞር ወደ ውቅያኖስ የሚወጣ መርከብ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ አለበት። ከፍታቸው በጣም ትልቅ የሆነ አዳዲሶቹ መርከቦች ከሥሩ አያልፉም። ስለዚህ እዚያ የሚመጡት አነስ ያሉና ቆየት ያሉ ናቸው። ለምሳሌ ከዚያ ሲነሳ የኖረው ቪዥን ኦፍ ዘ ሲስ በ1998 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። በዚያን ዘመን የተሠሩ መርከቦች እንደ ዛሬዎቹ በበረንዳ የተሞሉ አይደሉም። ትንሽ በረንዳ፣ ብዙ ፈላጊ። በዝቅተኛው ጨረታ በረንዳ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ከማያሚ የሚነሳው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 2,805 ክፍሎች አሉት፤ እዚያ ጨዋታው ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ርካሽ የሚሆነው መቼ ነው?

ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ። ከሌበር ዴይ በኋላ ያለው መስከረምና ጥቅምት፣ እንዲሁም ታንክስጊቪንግ አልፎ የፈረንጅ ገና እስኪቃረብ ያሉት ሳምንታት። እንቁጣጣሽን መርከብ ላይ ማክበር የሚፈልግ ሰው ርካሹ ወቅት ላይ ነው የሚያርፍበት። ግን ሐቁን ልናገር፤ የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ጫፍ የሚደርሰውም በሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። መርከቡ ከነፋሱ ይሸሻል፤ የተባለው ወደብ ግን ሊቀየር ይችላል። ለተቀየረ ወደብ የጉዞውን ዋጋ አይመልሱም። ባሃማስ ለመሄድ የከፈለ ሰው ሌላ ወደብ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል አስቦ ይግባ።

ከጃንዋሪ እስከ ማርች ደግሞ ኩባንያዎቹ ማስታወቂያ የሚያበዙበት ጊዜ ነው። ክፍል የመምረጥ ዕድሉ ያኔ ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ ድሮ 399 ይሉና ስንከፍል 600 ይሆን ነበር። አሁንም እንደዚያ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ተሻሽሏል። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ የግዴታ ክፍያዎች በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ ስላስገደደ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የወደብ ክፍያና ቀረጡን ጨምረው በመላ አገሪቱ ማሳየት ጀምረዋል። የአገልግሎት ጉርሻው ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው።

ጥያቄ፦ ደውለው «በ250 ዶላር በረንዳ እንስጥዎ፣ የካርድ ቁጥር ይንገሩን» አሉኝ። እውነት ነው?

እውነት ሊሆን ይችላል፤ ኩባንያዎቹ በስልክም ይሸጣሉ። ግን ለደወለልዎ ሰው የካርድ ቁጥር አይስጡ። ስልኩን ይዝጉና በቦታ ማስያዣ ደብዳቤዎ ላይ ወዳለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። ቅናሹ እውነት ከሆነ እዚያም ይነግሩዎታል። በስልክ ሲሆን ደግሞ የክፍሉን ቁጥር መጠየቅ ይችላሉ፤ ከጨረታው የሚበልጠው በዚህ ነው። ቁጥሩን ይዘው በመርከቡ ካርታ ላይ ከላይና ከታች ምን እንዳለ ይዩ። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል ከሆነ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ በጨረታ ስዊት ካገኘሁ የስዊት ነጥብ ይታሰብልኛል?

ሮያል ካሪቢያን ላይ በክፍሉ ያሉት የስዊት አገልግሎቶች ይሰጡሃል። በየጉዞው የሚጠራቀመው የአባልነት ነጥብ ግን የሚታሰበው መጀመሪያ በገዛኸው ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ከነገ ወዲያ ነው የምንነሳው፤ ጨረታው አሁንም «በመጠባበቅ ላይ» ይላል። ምን እናድርግ?

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ አሁኑኑ ሰርዙት፤ ሌሊት ሊቀበሉት ይችላሉ። ካልቀየራችሁ ተዉት፤ ካልተቀበሉት ምንም አይቆረጥባችሁም። የሻንጣ መለያውን ወረቀት ግን ዛሬ ማታ አትለጥፉት። የክፍል ቁጥሩ ከተቀየረ ሻንጣችሁ የድሮው በር ላይ ይቆማል። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ኢሜይሉን እዩና ያኔ አትሙ። መንገድ ላይ ከተቀየረም ወደቡ ላይ ላሉት ሻንጣ ተቀባዮች አዲሱን ቁጥር ንገሯቸው፤ በእስክሪብቶ ይጽፉላችኋል። መድኃኒትና የልጅ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን።