የአዲስ አበባን ክለቦች በአካል ማየት ለሚፈልገው ወንድሜ፦ መጀመሪያ መታወቂያ ያዝ

«ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወርኩ አራት ወር ሆነኝ፤ እስካሁን የማየው የእንግሊዝን ኳስ ብቻ ነው፤ የከተማዋን ክለቦች ስታዲየም ገብቼ ማየት እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ልደግፍ? ባለቤቴንና የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ መግባትስ እችላለሁ?» ብለህ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ እስካሁን የተሰጡህን መልሶች አንብቤያቸዋለሁ። ግማሹ «ጊዮርጊስ ነው እንጂ!»፣ ግማሹ «ቡና ነው እንጂ!» ይላል። ክርክሩን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከስታዲየሙ በር አያደርስህም። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የቡና ደጋፊ ነኝ፤ አባቴ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የጊዮርጊስ ናቸው። ገንዘብም እንቅልፍም የከፈልኩበት ጉዳይ ስለሆነ፣ አንተ እንዳትከፍልበት በቅደም ተከተል ልንገርህ።

1. ክለብ ስለመምረጥ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በወረረን ሰሞን የተመሠረተ ነው። ይድነቃቸው ተሰማና መንግሥቱ ወርቁ የተጫወቱበት ክለብ ነው፤ በዋንጫ ብዛት የሚስተካከለው የለም፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገብቷል። ይህንን የምጽፈው የቡና ደጋፊ ሆኜ ነው፤ እውነት ግን እውነት ነው።

ኢትዮጵያ ቡና በ1968 ዓ.ም. ተመሠረተ። የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። «አንድ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ብቻ ያለውን ክለብ ለምን እደግፋለሁ?» ብትለኝ፣ ያን ዓመት ቡኒና ቢጫ ለብሶ ያለቀሰውን ሰው ሁሉ ጠይቅ እልሃለሁ። ብዙ ዋንጫ ያየ ሰው ያንን ዕንባ አያውቀውም።

የሚረሱትንም ልጨምርልህ። መቻል የጦር ሠራዊቱ ክለብ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት መከላከያ ይባል ነበር። ኢትዮ ኤሌክትሪክን አባቴ ዛሬም መብራት ኃይል ነው የሚሉት። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ መድን በ2017 ዓ.ም. ሊጉን አሸንፈዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ማለት ጊዮርጊስና ቡና ብቻ ነው የሚልህን አትስማ። ቤትህ ወይም መሥሪያ ቤትህ ከአንዱ ጋር የሚያገናኝህ ነገር ካለ ያንን ያዝ። ደጋፊነት ምክንያት ሲኖረው ይቆያል።

2. «የአዲስ አበባ ክለብ» ማለት «አዲስ አበባ ላይ የሚጫወት» ማለት አይደለም

ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከኮሮና ዘመን፣ ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሊጉ ክለቦቹን አንድ ከተማ ላይ እየሰበሰበ፣ ጥቂት ሳምንታት አጫውቶ ወደ ሌላ ከተማ የሚዞርበትን አሠራር ለምዷል። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ ሁሉም በተራቸው አስተናግደዋል። ለቴሌቪዥን ስርጭት ይመቻል፤ አልክድም። ነገር ግን መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የአዲስ አበባ ስታዲየም የለመደ ደጋፊ ክለቡን ለማየት ሻንጣ መያዝ ጀመረ።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ እንድትረዳ ስለ አባቴ ልንገርህ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ አባቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ስታዲየሙ ያኔ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ነበር የሚጠራው። አጎታቸው ይዘዋቸው ገብተው ነበር። ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስናሸንፍ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ አባቴ ያዩት በሰው ትከሻ መካከል ነው፤ ዛሬም ሲያወሩት ይነሳሉ እንጂ ተቀምጠው አይጨርሱትም። በኋላ እኔን እጄን ይዘው ካታንጋ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ የሚባሉትን የመቀመጫ ስሞች ፊደል ከመቁጠሬ በፊት አውቃቸው ነበር። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ግን ጨዋታው የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት ስላላሟሉ «በሜዳችን» የተባለው ጨዋታ ሰው አገር ሄደ። አባቴ በቴሌቪዥን አይተው፣ ደስ ብሏቸው፣ ወዲያው ደግሞ ዝም አሉ። «እኛ እኮ እዚሁ ነበር ያሸነፍናቸው» አሉ።

እኔም በዚያው ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ጊዮርጊስን አንድ ጊዜ እንኳ በአካል ሳላሳያቸው አልቀርም አልኩ። የተቀናቃኞቻችን ክለብ ነው፣ የእኔ አይደለም፤ ለአባት ሲሆን ግን ይደረጋል።

3. ሰዓቱን ከክለቡ ወይም ከሊጉ ገጽ አረጋግጥ፤ አልጋ አስቀድመህ ያዝ፤ መታወቂያ አትርሳ

ሦስቱን በአንድ ቁጥር ያደረግኋቸው ሦስቱንም በአንድ ቀን ስለሳትኳቸው ነው።

በ2016 የውድድር ዘመን ጨዋታዎቹ አዳማ ላይ ነበሩ። አንድ የደጋፊዎች የቴሌግራም ቻናል የጊዮርጊስ ጨዋታ 9 ሰዓት እንደሆነ ጻፈ። ሒሳቡ ቀላል መሰለኝ፦ ጠዋት በፍጥነት መንገዱ እንወርዳለን፣ ምሳ አዳማ እንበላለን፣ 11 ሰዓት ላይ ጨዋታው ያልቃል፣ ማታ ቤታችን እንገባለን። አልጋ አልያዝኩም። አባቴ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ ወፍራም ሹራብ እንኳ አላስያዝኳቸውም።

በሩ ላይ ስንደርስ የ9 ሰዓቱ ጨዋታ የሌሎች ክለቦች ነው። የጊዮርጊስ 12 ሰዓት ነው። ቅደም ተከተሉ የተቀየረው ከሁለት ቀን በፊት ነበር፤ ክለቡም ሊጉም በገጻቸው አሳውቀው ነበር። እኔ ያየሁት ግን ማን እንደሚጽፈው የማላውቀውን ቻናል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርህ። ቻናል ላይ ይወራበት፣ ይሳቅበት፣ ይከራከሩበት፤ ሰዓት ግን አይታመንበትም።

ትኬት መቁረጫው ላይ የነበረውን ወጣት «አባቴ አዛውንት ናቸው፣ ለሁለቱም ጨዋታ የሚሆን ጥላ ያለው ቦታ አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «የሚገባ ይግባ፣ የማይገባ መንገድ ይልቀቅ» አለ። ከኋላዬ የተሰለፈ የመቻል ማልያ የለበሰ ጎልማሳ ሰምቶ አባቴን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጥላው ወሰዳቸው፤ የራሱንም መቀመጫ ለቀቀላቸው። የኳስ ደጋፊን በጅምላ ባለጌ ለሚሉ ሰዎች ይህንን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ጨዋታው መብራት በርቶ ተጀመረ። አባቴ ሥራዬ ብለው ከቤት ያመጡትን የድሮ ሻርፕ አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ከእሳቸው ልጅ ልጆች የማይበልጡ ወጣቶች መካከል ቆመው ሲዘምሩ አየሁ። ለእኔ የተቀናቃኝ ክለብ መዝሙር ነው፤ ግጥሙን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሳቸው አፍ ስለሰማሁት በቃሌ አውቀዋለሁ። አብሬ አልዘመርኩም፤ አጨበጨብኩ። ያ ብቻ ቢሆን ጉዞው በደንብ ይበቃኝ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። መናኸሪያው ውስጥ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና የለም። ኮንትራት የጠየቅሁት ሹፌር የጠራው ዋጋ ከወር ወጪዬ የሚያጎድል ነበር፤ ደግሞም በሌሊት አባቴን ይዤ መንገድ መውጣት አልፈለግሁም። አልጋ ፍለጋ ጀመርን። ጨዋታ ባለበት ሳምንት አዳማ ላይ የሌላው ክለብ ደጋፊም፣ ጋዜጠኛውም፣ ዳኛውም አልጋ ይፈልጋል። ሁለት ቦታ ሞልቷል ተባልን። ሦስተኛው ሆቴል ክፍል ነበረው፤ ዋጋው ግን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው በእጥፍ ጨምሯል። «ለምን?» ስል እንግዳ ተቀባዩ «ኳስ አለ» አለኝ፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

እሺ ብዬ ገንዘቡን ላወጣ ስል መታወቂያ ጠየቀ። የእኔ አለ። የአባቴ ቤት ቀርቷል። «ያለ መታወቂያ አላስገባም» አለ። አባቴ መሆናቸውን፣ ስማቸው የእኔ መታወቂያ ላይ ከስሜ ቀጥሎ እንደተጻፈ አሳየሁት። «ስም ማንም ይጽፋል» አለኝ። ደንቡን አልወቅስም፤ እንግዳን መመዝገብ ግዴታው ነው። የከፋኝ አነጋገሩ ነው። አንድ አዛውንት ቆመው እያለ «ወንበር ይቀመጡ» እንኳ አላለም። አባቴ ግን በእርጋታ «ልጄ፣ አንተም ሥራህን ነው» ብለውት ወጡ። እኔ በዚያ ሰዓት እንደዚያ ማለት አልቻልኩም ነበር።

ያዳነን የደጋፊ ማህበር አውቶቡስ ነው። ሆቴሉ በር ላይ ቆመን የጊዮርጊስ ደጋፊዎችን የጫነ አውቶቡስ ሲያልፍ የአባቴን ሻርፕ አይተው አቆሙ። ጠዋት አብረው የመጡ፣ ማታ አብረው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው፤ አስተባባሪው ስማቸውን በዝርዝር ይዞ ይቆጥራል። ሁለት ሰው ተጨናንቆ ቦታ ለቀቀልን። ገንዘብ ላዋጣ ብል «ለሽማግሌ አይከፈልም፤ አንተ ግን ቡና ከሆንክ ክፈል» አሉኝና ሳቁ። ከፈልኩ፤ በደስታ ከፈልኩ። ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤታችን በር ላይ ነበርን።

4. ስለዚህ በማህበር ሂድ

ከተማ ወጥተህ ለምታየው ጨዋታ በግልህ አትነሳ። የመረጥከውን ክለብ ደጋፊ ማህበር ፈልገህ ተመዝገብ፤ ጨዋታ ሲኖር አውቶቡስ ይከራያሉ፣ የመሄጃ መዋጮ ይሰበስባሉ። መዋጮውን ጨዋታው ከመድረሱ ቀደም ብለህ ክፈል፤ ጠዋት መጥቶ «ቦታ አለ?» የሚል ሰው ቦታ አያገኝም። ሰዓቱ ቢቀየር መጀመሪያ የሚሰሙት እነርሱ ናቸው፤ ማልያም ከእነርሱ ጠይቅ። እኔ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የገዛሁት ማልያ በመጀመሪያው እጥበት ቢጫው ወደ ቡኒው ገብቶ ለወለል መወልወያ ብቻ የሚሆን ሆነ።

5. ባለቤትህና ልጅህ

ይዘሃቸው ግባ፤ ግን በሸገር ደርቢ አትጀምር። ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ ግፊያው ከበር ይጀምራል፤ የሰባት ዓመት ልጅ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ይሆናል። ያንን ለብቻህ እየው፤ ስታየው ደግሞ የለበስከውን ቀለም ከምትቀመጥበት ጎን ጋር አዛምድ።

ለቤተሰብ የሴቶችን ጨዋታ ነው የምመክርህ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን፣ እነ ሎዛ አበራ የተጫወቱበት፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን (የሴካፋን) ዞን ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አልፏል። ይህን ያህል ታላቅ ቡድን ኖሮን መቀመጫው ባዶ ሆኖ ሳይ ያመኛል። ልጄን መጀመሪያ ያስገባኋት እዚያ ነው፤ የተጫዋቾቹን ድምፅ፣ የአሠልጣኙን ጩኸት፣ የኳሷን ምት ሁሉ ትሰማለህ። ልጅ ጨዋታውን የሚማረው እንደዚያ ነው። የቀን ጨዋታ ምረጥ፣ ውኃና ኮፍያ ያዝ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ ድረስ።

የአባቴን ነገር የጠየቁኝ ስላሉ፦ ደህና ናቸው። መታወቂያቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። የሚቀጥለው የማህበሩ ጉዞ መቼ እንደሆነ ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ፤ ሄደህ አውቶቡሱ ውስጥ ሻርፕ ያደረጉ አዛውንት ከፊት ተቀምጠው ካየህ ሰላም በላቸው።