«ከፈለግህ ሂድ» ብዬው ነበር፤ ጥሎኝ ሄደ ማለት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከቤት ከወጣ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ለሥራ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ ብሎ ተስማምተን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኩ እየራቀ መጣና ጨርሶ ጠፋ። በሕይወት እንዳለ ግን አውቃለሁ፤ የምልክለትን መልእክት ያነበዋል፣ አይመልስም። ትዳሩን ጥሎ ጠፍቷል ብዬ የፍቺ አቤቱታ ላቀርብ ጠበቃ አነጋግሬያለሁ። ጠበቃዬ «ጥሎሽ የሄደው መቼ ነው?» ሲለኝ ቀኑን መናገር አቃተኝ። ሊሄድ ሲል በዋዜማው ምሽት ተጣልተን «ከፈለግህ ሂድ» ብዬው ነበር። እናቱ «ትንሽ ታገሺ፣ ይመለሳል» ይሉኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችን። ጫማው እስካሁን ከበሩ ጀርባ ነው፤ በየሳምንቱ አቧራውን እጠርጋለሁ። የምከሰው እሱን ነው ወይስ ራሴን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠበቃዎ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ረጅም ጊዜ የቆየሁት እዚያው ላይ ነው። ሰው ሲሞት ቀን አለው፤ ተጣልቶ ሻንጣውን አንስቶ የሚወጣም ቀን አለው። ትዳሩን ጥሎ የሚጠፋ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አይጠፋም። ስልኩ ይሳሳል፣ ወሬው ያጥራል፣ «በዚህ ወር እመጣለሁ» ይል የነበረው «እመጣለሁ» ብቻ ማለት ይጀምራል፣ ቀጥሎ እሱንም ይተዋል። ስለዚህ ቀኑን መናገር ያቃትዎ ማስታወስ ተስኖዎት አይመስለኝም።

የሚገርመው፣ ሕጉም ይህን ያውቀዋል። ጥሎ መጥፋትን ለፍቺ ምክንያት አድርገው በሚቀበሉ ብዙ የሕግ ሥርዓቶች ከቤት መውጣት ብቻውን አይበቃም፤ መለያየቱና ላለመመለስ መቁረጡ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፤ መለያየቱም ያለ ሌላው ወገን ፈቃድና ያለ በቂ ምክንያት የሆነ መሆን ይኖርበታል። በስምምነት ለሥራ የወጣ ሰው በወጣበት ዕለት ትዳሩን ጣለ አይባልም፤ ጊዜው የሚቆጠረው ላለመመለስ መቁረጡ በሥራው ከታየበት ጊዜ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አንዲት ቀን ፈልገው አይጨነቁ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበትን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ለቤቱ ወይም ለልጁ ገንዘብ የላከበትን፣ እርስዎ ጽፈውለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመልስ የቀረበትን ዕለት በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ስልክዎ ከልብዎ የተሻለ ያስታውሳል። ከዚያ ውስጥ የትኛው መነሻ እንደሚሆን ጠበቃዎ ይመርጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይጠይቁት፦ እርስዎን በሚመለከተው ሕግ የባልን ጥፋት ማስረዳት ግዴታ ነው ወይ? አገሮች እዚህ ላይ ይለያያሉ። በህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ «ጥሎኝ ጠፋ» በሚል ምክንያት ፍቺ የሚጠይቅ ሰው አቤቱታው ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 2 ዓመት ያለማቋረጥ መተዉን ማሳየት አለበት። በእንግሊዝና በዌልስም እንዲሁ የ2 ዓመት መስፈርት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ግን ትዳሩ ሊጠገን በማይችል ሁኔታ መፍረሱን በጽሑፍ መግለጽ ይበቃል፣ የማንንም ጥፋት መዘርዘር አያስፈልግም። ጥያቄው የሕግ ቢመስልም እኔን የሚያሳስበኝ በሌላ በኩል ነው፤ ቁስሉን ምን ያህል ገልጠው ለማሳየት እንደሚገደዱ የሚወስነው መልሱ ነውና።

አሁን ወደዚያች ቃል ልምጣ። «ከፈለግህ ሂድ» የሚለውን አራት ዓመት ሙሉ ተሸክመውታል፤ ምናልባትም ዘወትር ማታ ይሰሙታል። ይህ ቃል በጠብ መካከል ሲነገር ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ተቃራኒ ነው፤ ተናጋሪው «አልሄድም» የሚል መልስ እየጠበቀ ነው የሚናገረው። ባለቤትዎ እንዴት እንደሰሙት እኔ ልነግርዎ አልችልም፣ የእሳቸውንም ወገን አልሰማሁም፤ ከዚያ ምሽት በፊት በቤታችሁ ምን እንደነበረም ደብዳቤው አልነገረኝም። ከዚያ በፊት እሳቸውን ከቤት የሚያስወጣ በደል ካለ ነገሩ ይለወጣል፤ ሕጉም ቢሆን በበደል ተገፍቶ የወጣን ሰው ጥሎ እንደሄደ አይቆጥረውም፤ በአንዳንድ አገሮች እንዲያውም ገፊው ነው ትዳሩን እንደጣለ የሚታየው። ከራስዎ ጋር በሐቀኝነት ይነጋገሩ። ነገር ግን ያለው ያች አንዲት ምሽት ብቻ ከሆነ፣ እርስዎ በአንድ ምሽት በቁጣ አንድ ቃል ተናገሩ፤ እሳቸው ደግሞ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ተነስተው ላለመደወል ወስነዋል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለራስዎ ፍትሕ መንፈግ ነው። ደግሞም ከዚያ ጠብ በኋላ ለወራት ሲደውሉ ነበር፤ ቃሉ እንደ ስንብት ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ስልክ ባልመጣ ነበር። ያም ሆኖ ቃሉን ከጠበቃዎ አይደብቁት። ከእርስዎ አፍ ቀድሞ ቢሰማው ይሻላል።

በሐዘን ጉዳይ ላይ ስሟ የሚነሳ አንዲት አሜሪካዊት የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ አለች፣ ፖሊን ቦስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተሰቦች ስታጠና፣ ለእነዚህ ሰዎች ሐዘን የተለየ ስም ሰጠችው፤ በእኛ አነጋገር ያልለየለት እጦት ልንለው እንችላለን። ሞተ ተብሎ እርም አይወጣለት፣ አለ ተብሎ አይጠበቅ። ሰውየው በአካል የለም፣ በሐሳብ ግን ከቤቱ አልወጣም። የእርስዎ ሁኔታ ከእነዚያ ቤተሰቦች በአንድ ነገር ይከፋል ብል ማጋነን አይሆንም፤ እርስዎ የጠፋው ሰው መልእክትዎን ሲያነብ ያያሉ። መነበቡን የሚያሳየው ያ ትንሽ ምልክት በታየ ቁጥር ተስፋም ስድብም አብረው ይመጣሉ፤ ሰው ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ችሎ ብዙ መኖር አይችልም። መቁረጥ ያቃትዎ ደካማ ስለሆኑ እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ያልተመለሱት መልእክቶች ለአቤቱታው ማስረጃ ይሆናሉ፤ ትመለስ ዘንድ እፈልጋለሁ ማለትዎን ያሳያሉና። ይሁንና ማስረጃ መሰብሰብ ቁስል መነካካትም ነው። በአንድ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ የሚያምኑት ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ይሰብስቧቸው፤ ለጠበቃዎ ያስረክቡና ከስልክዎ ፊት ገጽ ያንሷቸው። ሌሊት ብቻዎን ሆነው ከላይ እስከ ታች አያንብቧቸው።

እናቱን በሚመለከት ብዙ አልልም። ልጃቸውን እየጠበቁ ያሉ እናት ናቸው፤ «ታገሺ» ሲሉዎት የራሳቸውን ተስፋ እየጠበቁ ነው። አክብረው ይስሟቸው፤ ውሳኔውን ግን ከእሳቸው አይጠብቁ።

ስለ ልጅዎ ግን መዘግየት የለብዎትም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የአዋቂዎችን ዝምታ ባዶ አይተወውም፤ በራሱ ምክንያት ይሞላዋል፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ «እኔ አስቸግሬ» የሚል ነው። «ይመጣል» አይበሏት፣ አባቷንም አይሳደቡባት። የምታውቁትን ያህል ይንገሯት፦ «አባትሽ ከእኛ ጋር ላለመኖር ወስኗል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። አንቺ ያደረግሽው ነገር ግን ምክንያቱ አይደለም።» መካከለኛው ዓረፍተ ነገር ሲናገሩት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፤ ሆኖም እውነቱ እሱ ነው፣ እሷም አንድ ቀን ታመሳክረዋለች።

ሊዘጋጁበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አራት ዓመት ያልተገኘ ሰው የፍርድ ቤት መጥሪያ በደረሰው ሳምንት ሊደውል ይችላል። ድምፁን ሲሰሙ እስካሁን የተከማቸው ቁጣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊቀልጥ ይችላል፤ በዚያች ሰዓት የሚሰጡት ቃል ከጠቡ ምሽት ቃል የበለጠ የታሰበበት አይሆንም። «ሰምቼሃለሁ፣ በጽሑፍ ላክልኝ» ማለት ይበቃል። አብሮ ለመኖር መሞከርም እንደየሕጉ የተቆጠረውን ጊዜ ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ ልብዎ ወደ እርቅ ካዘነበለ እንኳ በሩን ከመክፈትዎ በፊት ለጠበቃዎ ይንገሩ።

የምከሰው ማንን ነው ላሉት፣ ፍርድ ቤቱ ባለቤትዎ ለምን እንደሄዱ ሊመልስልዎ አይችልም፤ ከውሳኔው በኋላም ያ ጥያቄ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። እርስዎ ለመወሰን የሚያስፈልግዎ ግን የእሳቸው ምክንያት አይደለም፤ ከሌለ ሰው ጋር በትዳር መቆየት ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ ያለ እሳቸው መመለስ ይችላሉ።

ጫማውን ዛሬ አንሱ አልልዎትም። የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ግን አቧራውን ሳይጠርጉ ይለፉት፣ ምን እንደተሰማዎትም ያንኑ ምሽት ሁለት መስመር ጽፈው ያስቀምጡ።