ቆዳ ፋብሪካው ላቦራቶሪ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

«በኬሚስትሪ ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ዓመት አለፈኝ። አሁን ኮምቦልቻ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ተገኝቶልኛል። ካገባሁ ገና ወራት ነው፤ ልጅም እናስባለን። አማቴ ኬሚካል ጽንስ ያበላሻል፣ ይቅርብሽ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?» — ከደሴ

አብሽሪ እህቴ። የአማትሽ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጃፓን ሚናማታ ውስጥ ፋብሪካ ወደ ባሕር በለቀቀው ሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ የበሉ እናቶች፣ ራሳቸው ብዙም ሳይታመሙ አንጎላቸው የተጎዳ ልጆች ወልደዋል። እንግዴ ልጅ መርዙን አላገደውም። እርሳስም ያው ነው፦ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጥና ጽንሱ ካልሲየም ሲፈልግ አብሮ ወደ ደም ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ልጁ አልፎ የመማር አቅሙን ይጎዳል።

ስለዚህ «ስፀንስ ያኔ እጠነቀቃለሁ» የሚለውን ተዪው። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር ነው፤ ብዙ ሴት ደግሞ ያኔ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ሳይቃጠል በቅጠል። ፎሊክ አሲዱንም ከአሁኑ ጤና ጣቢያ ጠይቀሽ ጀምሪ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ሥራውን ተዪው አልልሽም። ኬሚካል የሚባለውን በጅምላ መፍራት እንጀራ ያሳጣል እንጂ ከጉዳት አያድንም። ጥያቄው የትኛው ኬሚካል፣ በምን በኩል፣ ምን ያህል ይገባብኛል ነው። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም የሚባለው ብረት ባለ ሦስቱ ዓይነት (Cr III) ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ባለ ስድስቱ (Cr VI) ነው። እሱን የምታገኚው ቆዳው ከሚለፋበት በርሜል ይልቅ እዚያው ላቦራቶሪሽ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የፍሳሹን ሲኦዲ (በውስጡ ያለውን ብክለት ለማቃጠል የሚያስፈልገውን የኦክስጅን መጠን) ስትለኪ የምትጨምሪው ብርቱካናማ ዳይክሮሜት ባለ ስድስቱ ነው፤ አብሮት የሜርኩሪ ሰልፌት ይገባል። ቆዳው ቀለም የሚነፋበት ክፍል ደግሞ ቶሉይንና መሰሎቹ የቀለም ማቅጠኛዎች ሊተንኑ ይችላሉ። ለእንፋሎት የጨርቅ ማስክ ምንም አይፈይድም።

ከመፈረምሽ በፊት ላቦራቶሪውን አሳዩኝ በዪ። ጭስ መሳቢያውን አስከፍተሽ ቀጭን ሶፍት አፉ ላይ ያዢ፤ ወደ ውስጥ ካልተሳበ ያ ዕቃ ቁም ሳጥን ነው። ስም ያልተጻፈባቸውን ጠርሙሶች፣ ሠራተኛው ምሳ የሚበላበትን ቦታ ተመልከቺ። የየኬሚካሉን የደኅንነት መረጃ ወረቀት ጠይቂ፤ ምን እንደሆነ የማያውቅ ኃላፊ ካጋጠመሽ እሱ ራሱ መልስ ነው።

(ባለቤትሽ ምን እንደሚሠራ አልነገርሽኝም። የመኪና ባትሪ የሚፈታ ከሆነ እርሳሱ በልብሱ ቤትሽ ይገባል፤ የእሱንም የዘር ፍሬ ይጎዳል። ሁልጊዜ ሴቷን ብቻ ተጠንቀቂ ማለት አልወድም።)

ላቦራቶሪው ደህና ከሆነ ግቢ። የፍሳሽ ምርመራ ልምድ ኮምቦልቻ ላይ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጨርቃጨርቁ፣ ቢራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሁሉም ፍሳሽ አለባቸው። የቦርከና ወንዝ ከዚያ ወርዶ ጨፋ ላይ መስኖ ይሆናል፣ ከዚያም አዋሽ ይገባል፤ ውኃውን የሚለካ ባለሙያ ይፈለጋል። ኋላ በአካባቢ ጤና ማስተርስ ብትይዢ ከላቦራቶሪው ወጥተሽ ተቆጣጣሪ መሆን ትችያለሽ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ልጅ ማሰብሽን የመናገር ግዴታ ያለብሽ አይመስለኝም፤ እኔ ብሆን አልናገርም። ካረገዝሽ በኋላ ግን ቶሎ ተናገሪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራው ለአንቺ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ አሠሪው ወደ ሌላ ሥራ እንዲያዛውርሽ ያስገድደዋል። ሐኪሙ «ቀላል ሥራ ትመደብ» ብሎ ብቻ ከጻፈ አለቆች እንደፈለጉ ይተረጉሙታል። የምትነኪያቸውን ኬሚካሎች ዝርዝር ይዘሽ ሂጂና በስም ያስገባልሽ።