«ማዞር» ብዬ የጻፍኩት

ባለፈው ወር አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ደብዳቤ ላከችልኝ። ጥናቷ ግማሹ ሕክምና፣ ግማሹ ሥነ ጽሑፍ ነው። ሕመምተኞች ሕመማቸውን በምን ዓይነት ዘይቤ እንደሚናገሩ ታጠናለች። ሁለት አማካሪዎች አሏት። ሐኪሙ፣ «የታካሚዎቹን ቃል አውጪና በሙያ ቃል ተኪው» ይላታል። የሥነ ጽሑፍ መምህሯ ደግሞ፣ «አንዲት ቃል እንዳትነኪ» ትላታለች። ጥያቄዋ «ማንን ልስማ?» ነው።

በሁለት መስመር ልመልስላት ተቀመጥኩ። አልሆነልኝም። ከ35 ዓመት በፊት የጻፍኳት አንዲት ቃል መጥታ ፊቴ ተገተረች። እናም መልሱ ረዘመ። ሁለቱን ሙያ አንድ ላይ ይዛችሁ ለመሄድ የምታስቡ ሌሎች ልጆችም ካላችሁ አብራችሁ አንብቡት።

ያኔ ኢንተርን፣ ማለትም ገና ተለማማጅ ሐኪም፣ ነበርኩ። ተመላላሽ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ ላይ ሰልፉ አላልቅ ብሏል። ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ አንዲት እናት ገቡ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ማንም እንዳይለያቸው አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ቃላቸውን ግን እንደማስታውሰው አስቀምጫለሁ።

«ምን ሆኑ፣ እማማ?»

«እግሬ መሬቱን ረሳው» አሉኝ።

ቀና አላልኩም። እየጻፍኩ ነበር። «ያዞርዎታል?» አልኳቸው።

«እሱን እንኳ እንጃ። ፊቴን ስታጠብ ነው የሚብሰው። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ መሬቱ ጥሎኝ ይሄዳል። የስፌት መኪናው ላይ ስቀመጥም እግሬን እያየሁት ካልሆነ ፔዳሉን አያገኘውም። ማታ ደግሞ...»

«እሺ እማማ፣ ገባኝ።»

አልገባኝም። ካርዳቸው ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ፦ ማዞር። መድኃኒት አዘዝኩና ቀጣዩን ጠራሁ። ማታ ምን እንደሚሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኚህ ሴት በደቂቃ ውስጥ ስለ ነርቭ ሕክምና አንድ ሙሉ ትምህርት ሰጥተውኝ ነበር። ሰው ቆሞ ሳይወድቅ የሚቆየው በሦስት ነገር ነው። አንዱ ዓይኑ ነው። አንዱ የውስጥ ጆሮው። ሦስተኛው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ተነስቶ በሕብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል በኩል ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ነው። ይህ መልእክት ሲቋረጥ ዓይን ይሸፍንለታል። ዓይን ሲጨፈን ወይም ሲጨልም ግን የሚሸፍን የለም። ሞሪትስ ሮምበርግ የሚባል የበርሊን ሐኪም ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። እግር አጋጥሞ ዓይን አስጨፍኖ የሚደረገው ምርመራ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ፊት ሲታጠቡ መንገዳገድም የዚሁ ምልክት ነው። ይህን ሁሉ ተማሪ ሳለሁ ሸምድጄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሰው በራሱ አፍ ሲነግረኝ ግን አላወቅኩትም። መጽሐፉ ውስጥ የነበረው በሌላ ቋንቋ ነበር።

«እግሬ መሬቱን ረሳው» ስሰማ ደግሞ ለማሳመር የተባለ መሰለኝ። ተለዋጭ ዘይቤ ነው፣ እውነት ነው። ግን ከዚህ የበለጠ ልክ የሆነ ቃል ለዚያ ሕመም የለም። እግር ድክም አላለም፣ አልዛለም። የረገጠውን ነው ያላወቀው።

14 ወር አለፈ። ሴትዮዋ ወድቀው የእጅ አንጓቸው ተሰበረና ተኙ። እኔ ያኔ እዚያው ሬዚደንት፣ ማለትም የስፔሻሊቲ ተማሪ፣ ሆኛለሁ። አለቃችን የነርቭ ስፔሻሊስት ነበር። ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ልቦለድ ይዤ ካየኝ «ተረኝነት አልበዛብህም ማለት ነው» ይለኝ ነበር። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አላቸው። ነገሩት። አላቋረጣቸውም። ከዚያ አስነሥቶ፣ እግር አስገጥሞ፣ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አላቸው። ተንገዳግደው እላዩ ላይ ወደቁ። በሰከንድ 128 ጊዜ የምትነዝረውን ሹካ መሰል ብረት መትቶ የእግራቸው አውራ ጣት ላይ አኖረ። «ይነዝርዎታል?» ሲላቸው «ምኑ?» አሉት።

የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነበር። ደማቸው እምብዛም ስላላነሰ ማንም አልጠረጠረም። ይህ ቫይታሚን ደም ሳያሳንስም ነርቭ ይጎዳል።

ካርዱን እንዳመጣ አዘዘኝ። ስምንት ጊዜ ታይተዋል። ስምንቱም ቦታ «ማዞር» ይላል።

«ስምንት ሐኪም እንዴት አንድ ዓይነት ስሕተት ይሳሳታል?» አለ።

ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ የእኔ ነበር።

መርፌው ተጀመረላቸው። የእጃቸው መደንዘዝ ቀነሰ። እግራቸው ግን ብዙም አልተመለሰም። በዚህ ሕመም የሚድነው መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው ሕክምናው በዘገየበት ጊዜ ልክ ነው። ስፌቱ ቀረ። አንድ ቀን መርፌ ሊወጉ መጥተው ኮሪደር ላይ አገኙኝ። «ልጄ፣ ያኔ መጀመሪያ የነገርኩህ አንተ አልነበርክም?» አሉኝ።

«ብዙ ሐኪም ነው ያየዎት፣ እማማ» ብዬ አለፍኩ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ ታሪክ የሙያ መጽሔት ላይ አሳተምኩት። የመጀመሪያ ጽሑፌ ነው። ኩራቴ አይጣል ነበር። አንድ ቅጂ ለጓደኛዬ ሰጠኋት። እሷ የድሮ የእጅ ጽሑፎችን ቅጂ ከቅጂ እያስተያየች የመጀመሪያው ቃል ምን እንደነበር የምትፈልግ ምሁር ናት። በእርሳስ አንዲት ቃል ብቻ አስምራ መለሰችልኝ። ዓረፍተ ነገሩ «ታካሚዋ ማዞር እንዳለባት ተመዝግቧል» ይላል። ያሰመረችው «ተመዝግቧል» የሚለውን ነው።

«ማነው የመዘገበው?» አለችኝ።

«ሐኪም ነዋ።»

«ግሡን ለምን ተደራጊ አደረግከው? አድራጊውን የት ወሰድከው?»

አየችኝ። አየኋት። ከዚያ ወሬ ለመቀየር ስለ ስምንቱ ሐኪሞች አነሳሁ። ሳቀች። «እኛ ዘንድ ይሄ የየቀን ሥራ ነው» አለች። «አንድ ገልባጭ ይሳሳታል፤ ሰባቱ ከእሱ ይገለብጣሉ። ስምንት ቅጂ ተስማማ ብለህ ስምንት ምስክር አለኝ አትልም። ያለህ አንድ ነው። ምስክር ይመዘናል እንጂ አይቆጠርም።»

በኋላ ሳነብ ይህ የሙያቸው የቆየ መመሪያ እንደሆነ ገባኝ። ካርል ላኽማን በሚባል ጀርመናዊ ስም የሚታወቅ ዘዴ አለ። ቅጂዎች የሚጋሩትን ስሕተት ተከትሎ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ይደርስበታል፤ የቅጂ የትውልድ ሐረግ በሉት። ያንን ካርድ በዚያ ዘዴ ብታነቡት ሐረጉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

በ43 ዓመቴ ሥነ ጽሑፍ ለመማር የተመዘገብኩት ለዚህ ነው። ሰዎች ሲጠይቁኝ «ማንበብ ስለምወድ» እላለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ስለ ፈቃድ፣ ስለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ስለ ናሙና ብዛት አልነግራችሁም። ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። ለጥያቄዎቻችሁም አደንቃችኋለሁ። እኔ በዚያ ዕድሜ አማካሪዬን «ለምን?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ወዮልኝ። ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። ቃለ መጠይቁን በስልክ ትቀዳላችሁ፤ ማሽን ወደ ጽሑፍ ይለውጥላችኋል፤ ማሽን ያጠቃልልላችኋል። ከዚያ ማጠቃለያውን «አነበብነው» ትላላችሁ። ድምፁን የሰማ የለም። ሆስፒታሉም ውስጥ ኮፒ ፔስት ነግሷል። እኛ ስሕተት ስንገለብጥ ቢያንስ እጃችን ይደክም ነበር።

«ለማዳመጥ ጊዜ የለም» የሚለውን ደግሞ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 74 የሐኪምና የታካሚ ንግግሮችን መረመረ። ሐኪሞቹ ታካሚውን ያቋረጡት በአማካይ በ18ኛው ሰከንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ 335 ታካሚዎችን ሳያቋርጡ አዳመጡ። በአማካይ 92 ሰከንድ ነው የተናገሩት። ከአራቱ ሦስት በላይ የሚሆኑት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላቸው ጨረሱ። እኔ እማማን ስንት ሰከንድ እንደሰጠኋቸው አላውቅም። ከ92 ግን ያንሳል።

በዚህ ዘርፍ ከሠሩት ሁሉ ስሟ ቶሎ የምትሰሙት ሪታ ሻሮን ናት። የኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆና በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬቷን ሠርታለች። ተማሪዎቿ ካርድ ላይ የማይጻፈውን፣ ስለ ታካሚው የሚሰማቸውን፣ በሌላ ወረቀት ላይ በተራ ቋንቋ እንዲጽፉ አድርጋለች። ጥሩ ልምምድ ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ክፍል በጣም ትወዱታላችሁ። ስለ ራስ መጻፍ ማን ይጠላል? እኔ ግን ምረጥ ቢሉኝ ካርዱ ራሱ ላይ የታካሚው ቃል እንዲገባ እመርጣለሁ።

ልቦለድ ማንበብ ሐኪምን ደግ ያደርጋል የሚለውንም ለጥናታችሁ መሠረት አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ልቦለድ ማንበብ የሌላውን ስሜት መረዳትን ያሻሽላል የሚል ውጤት ወጥቶ ነበር። በኋላ ሌሎች ሲደግሙት ያው ውጤት አልመጣላቸውም። እኔም ብዙ ያነበቡ ጨካኝ ሐኪሞች አውቃለሁ። ከሁሉ በላይ ሲያዳምጥ ያየሁት ደግሞ ያ ልቦለድ የማይወደው አለቃዬ ነው። ይህ እስካሁን ከጻፍኩት ጋር ይጣረስ ይሆናል። ይጣረስ።

አንድ ተጨማሪ፦ በሞቱ ደራሲዎች ላይ ምርመራ አታድርጉ። «እገሌ ይህ ሕመም ነበረበት» እያሉ ከግጥም ላይ በሽታ መልቀም ሐኪሙን ያዝናናል፤ የሥነ ጽሑፍ ሰውን ያስቆጣል። የምወደው ጥናት ግን ለዚህ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የደራሲዋን የአይሪስ መርዶክን ሦስት ልቦለዶች አነጻጸሩ፦ የመጀመሪያዋን፣ በመሐል የጻፈችውን አንድ፣ እና የመጨረሻዋን። የሰዋስው አሠራሩ ብዙም አልተናጋም። የቃላት ክምችቱ ግን በመጨረሻው መጽሐፍ ሳስቷል። አልዛይመር እንደነበረባት ከሞተች በኋላ በአንጎሏ ምርመራ ተረጋግጧል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሽታውን ያወቁት ከጽሑፉ አልነበረም። የታወቀ በሽታ ጽሑፉ ላይ ምን እንዳደረገ ነው የጠየቁት።

ስሙን ስለሰረዛችሁ ታካሚው የተሸሸገ አይምሰላችሁ። ሰው በአነጋገሩም ይታወቃል። «እግሬ መሬቱን ረሳው» የሚለውን የእማማ ጎረቤት ቢያነብ ማን እንዳለው ያውቅ ነበር። ታዲያ አንተ አሁን ምን እያደረግክ ነው ብትሉኝ፣ እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ይህ በቂ መልስ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

አሁን ለአንቺ፣ ልጄ። ሁለቱንም አማካሪዎችሽን ስሚ። ሠንጠረዥሽን ግን ሦስት ዓምድ አድርጊው። በአንዱ ታካሚው ያለው፣ ቃል በቃል። በሁለተኛው የሙያው ቃል። በሦስተኛው የተረጎመው ማን እንደሆነ፤ አንቺ ከሆንሽ አንቺ። «ተተርጉሟል» ብለሽ እንዳትጽፊ። ሐኪሙ አማካሪሽ ቦታ ይፈጃል ይል ይሆናል። ይፍጅ።

የላክሽልኝን ረቂቅ አይቼዋለሁ። የሕመም ስሜቶቹን ዓይነት የደረደርሽበት ሠንጠረዥ መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚል ረድፍ አለ። 11 ሰዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። ምን እንዳሉ አልጻፍሽም። የ11ዱን ቃል እንዳለ ላኪልኝ፤ ካልቸኮልሽ ቅጂውን ሳይሆን ድምፃቸውን።