ሳጥን ነው ወይስ ጥያቄ ምልክት?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፤ ለዊንዶውስ ፕሮግራም ሠሪዎች፤ ከድሬዳዋ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር አለ፤ «ፎርማት አደረግኩት፣ አልተስተካከለም» የሚል። ይህ ነገር ያሳዝነኛል። እኛ አገር ኮምፒውተር ትንሽ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚታዘዝለት መድኃኒት ፎርማት ሆኗል። ከዚያ ቪዥዋል ስቱዲዮን እንደገና ለማውረድ ሁለት ሌሊት ይጠበቃል። ኮዱ ውስጥ ያለው ስሕተት ግን ኮዱ ውስጥ እንዳለ ነው። መጀመሪያ የተበላሸው የቱ ጋ እንደሆነ እንይ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ሳቢያን ነው ያለሁት። ለአንድ ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ በሲ ሻርፕ ሠርቻለሁ። ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው። በኦሮምኛና በሶማሊኛ የተጻፉ ስሞች በትክክል ይቀመጣሉ። በአማርኛ የተመዘገበው ግን ተመልሶ ሲወጣ ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ሦስት ዓይነት ፎንት ጫንኩ። ዊንዶውሱንም ፎርማት አደረግኩት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፎንቱን ተወው። ሦስት ነገሮችን እንለይ፤ ሦስቱን መለየት የቻለ ሰው ከአማርኛ ጋር የሚመጣውን ጣጣ አብዛኛውን ይፈታል።

ስክሪንህ ላይ ባዶ ሳጥን ካየህ ፊደሉ አለ፣ የሚሥለው ፎንት ነው የጠፋው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኢብሪማ የሚባለው ፎንት አብሮ ስለሚመጣ ይህ ችግር ዛሬ ብዙም አይገጥምም።

ባርኔጣና ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ተዝረክርከው ካየህም ፊደሉ አለ፣ በተሳሳተ መንገድ ነው የተነበበው። በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን በባይት የማስቀመጫ ዘዴ ነው) አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሦስቱን ባይት ዊንዶውስ እንደ ሦስት የላቲን ፊደል ሲያነባቸው በየሦስት ቦታው ጭረት ያለባት «ኤ» ትደጋገማለች። ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ፋይል በኤክሴል ስትከፍት የሚያጋጥምህ ይኼ ነው። ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 ከነቦም (ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን መጀመሪያው ላይ ከሚናገረው ምልክት ጋር) ብለህ አስቀምጠው፣ ይስተካከላል።

ጥያቄ ምልክት ካየህ ግን ፊደሉ የለም። እስቲ ምልክቶቹን ቁጠራቸው። ስሙ አራት ፊደል ከነበረ አራት ምልክት ታገኛለህ። እያንዳንዱ ፊደል እየተጣለ በቦታው ጥያቄ ምልክት ገብቷል። ማኔጅመንት ስቱዲዮን (የኤስኪውኤል ሰርቨርን ዳታቤዝ በቀጥታ የምታይበትን ፕሮግራም) ከፍተህ ሠንጠረዡን በቀጥታ ተመልከት። እዚያም ጥያቄ ምልክት ከሆነ ስሙ የጠፋው ሲገባ ነው።

ለምን የእኛ ፊደል ብቻ? የስሙን ዓምድ ዓይነት «ቫርቻር» አድርገኸዋል። ቫርቻር የሚሠራው በኮድ ፔጅ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥ ሠንጠረዥ ነው። የአንተ ሰርቨር የሚጠቀምበት ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተሠራው፣ 256 ቦታ ብቻ ያለው ነው። ግእዝ እዚያ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ለግእዝ የተለየ የዊንዶውስ ኮድ ፔጅም አልተሠራም። ፊደላችን ቦታ ያገኘው ለዓለም ፊደላት ቁጥር ለመስጠት በተሠራው ዩኒኮድ ውስጥ ነው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም። ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ስለሚጻፉ ምንም አልሆኑም። ድሬ ላይ አንድ የታካሚ ዝርዝር ውስጥ ሦስት ቋንቋ መገናኘቱ ብርቅ ስላልሆነ ስሕተቱ ግማሹን ሰው ብቻ ይመታል። ለዚህ ነው ቶሎ የማይታየው።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነው። ዓምዱን ዩኒኮድ ወደሚቀበለው «ኤንቫርቻር» ቀይረው። ቀጥሎ ኮድህን እይ። ስሙን ኤስኪውኤል ትእዛዙ ላይ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ እየቀጠልክ የምትልክ ከሆነ ከጥቅሱ በፊት ትልቁ የላቲን «ኤን» ፊደል መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ስሙ ዓምዱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይበላሻል። እኔ ግን ይህን አልመክርህም። መቀጠሉን ጨርሶ ተውና ፓራሜትር (ስሙ ከትእዛዙ ተለይቶ ለብቻው የሚላክበት መንገድ) ተጠቀም፣ ዓይነቱንም ኤንቫርቻር በለው። አንድ ሌላ ችግርህም አብሮ ይፈታል። በኦሮምኛው ቁቤ ሁድሃ የሚባለው ድምፅ የሚጻፈው በነጠላ ጥቅስ ምልክት ነው። ሁድሃ ያለበት ስም ሲመጣ የምትቀጥለው ጽሑፍ መሃል ላይ ይቆረጥና ኤረር ይሰጥሃል። እስካሁን ካልገጠመህ አንድ ቀን ይገጥምሃል። ፓራሜትር ካለ ስሙ ስም ሆኖ ያልፋል። ሰው ሆን ብሎ ዳታቤዝህን የሚያጠፋ ትእዛዝ በስም ቦታ ቢጽፍብህም አይሠራለትም።

እስካሁን የተመዘገቡት አይመለሱም። ይህን ስነግርህ ይከብደኛል፣ እኔም ላይ ደርሷልና። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እንዲሁ በቫርቻር የሠራሁት መመዝገቢያ ነበረ። ካርድ ክፍል የምትሠራ እህት ናት ያየችው። «ይቺ እናት ስሟ የት ሄደ?» አለችኝ። ሴትየዋ ልጅ ታቅፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ስክሪኑ ላይ አምስት ጥያቄ ምልክት። ሦስት ቀን ሙሉ የወረቀት ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሳን ስሞቹን እንደገና ጻፍን። አንተም የወረቀት ካርዱ ካለ ዛሬውኑ ጀምር። ከዚያ በፊት ግን ኮዱን አስተካክል፣ አንድ የአማርኛ ስም መዝግብ፣ ፕሮግራሙን ዘግተህ ክፈት፣ ስሙን አንብብ።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነኝ። በሲ ፕላስ ፕላስ የሠራሁት የዕቃ መቆጣጠሪያ እኔ ላፕቶፕ ላይ ፏ ብሎ ይሠራል። ሱቁ ላይ ስጭነው ግን አንድ ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ የሚጠራው የኮድ ፋይል) አልተገኘም ይላል። ከኢንተርኔት አውርጄ ሲስተም 32 ውስጥ ጨመርኩት፤ አሁን ሌላ ኤረር መጣ። የሱቁን ኮምፒውተር ፎርማት አደረግኩት፣ አልተስተካከለም።

መልስ፦ የመልእክቱን ፎቶ ስለላክልኝ አመሰግናለሁ። አጉልቼ አየሁት። የጠፋው ፋይል ስም ቪሲራንታይም 140 ነው፣ ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ አንዲት «ዲ» አለች። ጉዳዩ ያለው እሷ ላይ ነው። የሰጠሃቸው ለመፈተሻ የተሠራውን፣ ዲበግ የሚባለውን ነው። የዲበግ ዲኤልኤል የሚገኘው ቪዥዋል ስቱዲዮ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ለደንበኛ የሚሰጥ አይደለም። ላፕቶፕህ ላይ የሠራው ቪዥዋል ስቱዲዮ ስላለህ ነው።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ከላይ ዲበግ የሚለውን ወደ ሪሊዝ (ለደንበኛ የሚሰጠው) ቀይርና እንደገና ኮምፓይል አድርገው። ከዚያ ፕሮግራምህ የሚፈልጋቸውን ዲኤልኤሎች የያዘውን የማይክሮሶፍት ጥቅል፣ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብልን፣ ሱቁ ላይ ጫን። ከ2015 እስከ 2022 ላሉት የቪዥዋል ስቱዲዮ እትሞች አንዱ ጥቅል ይበቃል። ትንሽ ፋይል ስለሆነች ፍላሽ ላይ ያዛት። ባለ 32 ወይስ ባለ 64 የሚለውን የሚወስነው ፕሮግራምህ ነው፣ ዊንዶውሱ አይደለም።

ከማይታወቅ ድረ ገጽ ያወረድከውን ፋይል አሁኑኑ አጥፋው። ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ የሰው ሱቅ ነው። ቫይረስ ባይሆንም ቦታው ያሳስታል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲስተም 32 የሚባለው ፎልደር የባለ 64 ቢት ፋይሎች ቤት ነው፤ የባለ 32ዎቹ ሲስዋው 64 ውስጥ ናቸው። ስማቸው ተገላቢጦሽ ስለሆነ ስንቱን ሰው አሳስቷል።

ጥያቄ፦ ከገንደ ቆሬ ነው። ለሰፈራችን እድር የመዋጮ መመዝገቢያ ሠራሁ። ፕሮግራሙ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አድርጎ ስለሚያሰላ የ2016 ክፍያዎች በአንድ ቀን ተዛነፉ። በዚያ ላይ «የጳጉሜን መዋጮ ያልከፈሉ» ብሎ ስም ዝርዝር አወጣና ሽማግሌዎቹ ተቆጡኝ።

መልስ፦ ቢቆጡ እውነት አላቸው። ማን ነው ለጳጉሜን እድር የሚከፍል? ክፍያውን በ12 ወር አዙረው፣ ጳጉሜንን ከክፍያ ዝርዝር አውጣት። ይኼ ቀላሉ ነው።

ቀኑ ላይ ደግሞ ዶትኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) አይረዳህም። የዕብራውያን፣ የሂጅራ፣ የፋርስ፣ የታይላንድ ቡድሂስቶችም የቀን መቁጠሪያ ውስጡ አለ። የእኛ የለም። ስለዚህ ራስህ መሥራት አለብህ፣ ደግሞም አይከብድም። ዓመትና ቀን በግምት እየደመሩና እየቀነሱ መቀየር የሚለውን መንገድ ተው። ቀን ቁጠር።

ዓመቱን በ365 አባዛ። ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምርበት። ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንስና በ30 አባዝተህ ደምር። ቀኑን ደምር። መስከረም 1 ቀን 2000 በዚህ ስሌት 730501 ይመጣል። ያ ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። የማንኛውንም ቀን ቁጥር አስላ፣ 730501 ቀንስለት፣ የቀረውን «አድ ዴይስ» ብለህ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ላይ ጨምር። አለቀ።

በአንተው ችግር እንሞክረው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲሰላ 736344 ነው፤ ልዩነቱ 5843 ቀን ይሆናል፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ያርፋል። መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ 736345 ነው፣ ሴፕቴምበር 12። አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ነው፣ ሳይዘል ሳይደገም። አንተ ጋ የጠፋችው ያቺ ስድስተኛዋ ጳጉሜን ናት። 2015 የሉቃስ ዘመን ነበረ፤ በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ኮድህ ውስጥ ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ቀሪው 3 ሲሆን ስድስት ቀን ፍቀድ፣ አለዚያ አምስት።

ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጥ። ስክሪንና ደረሰኝ ላይ የእኛን አሳይ። ሁለቱንም አስቀምጠህ አንዱ ቢሳሳት የትኛውን ልታምን ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ነምበር ዋን አካባቢ የምኖር መምህር ነኝ። በጡረታ ዋዜማ ነው ፕሮግራም የተማርኩት። የተማሪ ውጤት የሚደምርና ካርድ የሚያትም ነገር ሠርቼ «አትም» ስለው መስኮቱ ነጭ ይሆንና ስታክ ያደርጋል። ደጋግሜ እጫነዋለሁ። ከቆይታ በኋላ ይሠራል፣ ግን ካርዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያትመዋል።

መልስ፦ ጋሼ፣ በመማርዎ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ፕሮግራሙ አልሞተም፣ ሥራ ላይ ነው። መስኮቱን የሚያሳየውና ውጤቱን የሚደምረው ኮድ አንድ የሥራ ተራ (ትሬድ) ላይ ናቸው፤ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል። መስኮቱ ለ5 ሰከንድ ያህል መልእክት ካልተቀበለ ዊንዶውስ «አይመልስም» ብሎ ነጭ ያደርገዋል። ውጤት የሚያነበውንና የሚደምረውን ኮድ በ«ታስክ ራን» ወደ ጎን ያውጡት፣ በ«አዌይት» ይጠብቁት። ስክሪኑ ላይ ያሉትን ጽሑፎች ወደ ጎን ካወጡት ኮድ ውስጥ ሆነው አይንኩ፣ ኤረር ይሰጥዎታል። ከአዌይት በኋላ ባለው መስመር ይቀይሯቸው።

ካርዱ የተደጋገመው ደግሞ ሲጫኑ ዊንዶውስ እያንዳንዱን ጫና ተራ ስላስያዘው ነው። መስኮቱ ሲነቃ ሁሉንም በየተራ ፈጸማቸው። «አትም» ሲጫን የሚሠራው ኮድ የመጀመሪያ መስመር ላይ የ«አትም»ን ቁልፍ እንዳይጫን ያጥፉት፣ ሥራው ሲያልቅ መልሰው ያብሩት።